ጋራዥን ወደ መኖሪያ ክፍል ወይም ሱቅ መቀየር (ድሬዳዋ)፦ ፈቃዱ፣ ወለሉና ሙቀቱ

ሳቢያን_ሰፈር (ጠያቂ)

ሰላም ጀመዓ። ሳቢያን ያለው ግቢያችን ውስጥ ጋራዥ አለ፤ መኪናው ከተሸጠ ወዲህ የዕቃ መጠራቀሚያ ሆኗል። ሽንት ቤትና ሻወር ያለው አንድ ክፍል አድርገን ልናከራየው ወይም የብረት በሩ መንገድ ላይ ስለሚወጣ ሱቅ ልናደርገው አስበናል። ልኩን በሜትር ወስጄዋለሁ።

የውስጡ ስፋት 3.20 በ6.00 ሜትር ነው። ኮለኑና የላዩ ቢም አርማታ፣ ግድግዳው ባለ 20 ሴ.ሜ. ብሎኬት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን ወደ ግቢያችን ያዘነብላል፤ በግቢ በኩል ከኋለኛው ወለል 2.70፣ በጎረቤት በኩል 3.10 ሜትር ከፍታ አለው። የጎረቤት በኩል ያለው ረጅሙ ግድግዳ ልክ ድንበሩ ላይ ነው። የበሩ ክፍተት 2.80 ስፋት፣ 2.40 ቁመት አለው። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ከኋላ ወደ በሩ 8 ሴ.ሜ. ይወርዳል። የኋለኛው ወለል ከቤታችን ወለል 18 ሴ.ሜ. ዝቅ ይላል፣ ከግቢው ንጣፍ 4 ሴ.ሜ. ከፍ ይላል። ችግሩ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ በበሩ ሥር ካለው ወለል 6 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ መቅረቱ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ውጭውን ሳንነካ ውስጡን ብቻ ብንቀይር ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ወለሉ ምን ያህል ይነሳ? በዚህ በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ሰው እንዲያድር ምን መደረግ አለበት? የሠራችሁትና የምታውቁት በቁጥር ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ፕላንና_ካርታ

እህቴ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሚገዛው አዲስ ግንባታን ብቻ አይደለም። ነባር ሕንፃን ማሻሻልም ሆነ አገልግሎቱን መለወጥ የሕንፃ ሹሙን (የከተማውን የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ኃላፊ) ፈቃድ ይጠይቃል። ጋራዥ የነበረው ሰው ሊያድርበት ወይም ሊነገድበት ከሆነ ግድግዳው ባይነካም አገልግሎቱ ተለውጧል። ዝርዝሩ በደንብ ቁጥር 243/2003 እና በመመሪያው ውስጥ አለ። ጽሕፈት ቤት ስትሄጂ አሁን የሚሠሩበትን የመመሪያ ቅጂ ጠይቂ፤ የቃል መልስ ይዘሽ አትመለሺ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሪ። ጋራዡ በጸደቀው የቤታችሁ ፕላን ላይ አለ ወይ? ብዙ ግቢ ውስጥ ቤቱ በፕላን ተሠርቶ ጋራዡ በኋላ የተቀጠለ ነው። ፕላኑ ላይ ከሌለ «ጋራዥ ልቀይር» ብሎ ማመልከት ያለፈቃድ የተሠራ ግንባታ አለኝ ብሎ ማስመዝገብ ነው። የዚያን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መሐንዲስ ያለውን ለክቶ የነባር ሁኔታ ፕላን እንዲያወጣ፣ ከዚያ የአካባቢው ፕላን ከሚፈቅደው የመሬት ሽፋንና ከመንገዱ መስመር ጋር ይጣጣም እንደሆነ ማየት ነው። የመንገዱን መስመር ከነካ ማንም አይፈቅደውም፤ ገንዘባችሁንም እዚያ ላይ አታፍስሱ።

ፕላኑ ላይ ካለ መንገዱ ቀላል ነው። ፎቅ የሌለው፣ በኮለንና በኮለን መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ሕንፃ በአዋጁ ምድብ «ሀ» ውስጥ ይገባል። የእናንተ ቤት ምድር ቤት ብቻ ከሆነ እዚያ ነው ያላችሁት። የሚቀርበው የካርታው ቅጂ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የዓመቱ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኝ፣ የድሮው የጸደቀ ፕላን፣ አሁን ያለውንና የሚሆነውን ጎን ለጎን የሚያሳይ በተመዘገበ ባለሙያ የተፈረመ ንድፍ ነው። ባለቤትነቱ የባልና ሚስት ከሆነ የሁለታችሁ ፊርማ፣ ቤቱ ባንክ በመያዣነት ከያዘው የባንኩ ስምምነት፣ በውርስ የመጣ ከሆነ የወራሾች ሁሉ ስምምነት ይጨመራል። ፋይል የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በንድፉ ሳይሆን በእነዚህ ወረቀቶች ነው።

ንድፉ ላይ የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የመኪና ማቆሚያው ነው። ጋራዡ ሲጠፋ መኪናው የት ይቆማል ተብሎ ይጠየቃል፤ አሁን መኪና ባይኖራችሁም ግቢው ውስጥ 2.50 በ5.00 ሜትር ክፍት ቦታ በሳይት ፕላኑ ላይ አሳዩ። ሁለተኛው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ድንበር ላይ ባለ ግድግዳ መስኮትም፣ የኤክስትራክተር ቀዳዳም፣ የኤሲ መውጫም አይከፈትም። ብርሃንና አየር ከመንገዱና ከግቢው ጎን ብቻ እንደሚመጣ አድርጋችሁ አስቡ።

ሱቅ ወይስ መኖሪያ የሚለውን ከማመልከታችሁ በፊት ወስኑ። መኖሪያ ከሆነ ቦታው የመኖሪያ እንደሆነ ይቀጥላል። ሱቅ ከሆነ ከሕንፃው ፈቃድ በተጨማሪ የመሬቱ አገልግሎት ጉዳይ ይመጣል። በሊዝ የተያዘ ቦታ ውሉ ላይ ለመኖሪያ ከተባለ ለሌላ ሥራ ማዋል በሊዝ አዋጁ (721/2004) መሠረት አስቀድሞ መፈቀድ አለበት፤ ነባር ይዞታም (ያለ ሊዝ ከድሮ የተያዘ ቦታ) ቢሆን የአካባቢው ፕላን ቅይጥ አገልግሎት መፍቀዱ ይታያል። ንግድ ፈቃድ የሚሰጠውም ይህን ስለሚጠይቅ «ሱቁን እንክፈትና በኋላ እናስተካክላለን» አይሠራም።

የሚከራየው ሰው ብየዳ፣ አናጢነት ወይም ሌላ ወርክሾፕ ሊከፍትበት ከፈለገ ደግሞ እምቢ በሉ። አዋጁ ፋብሪካንና ወርክሾፕን የሚያስቀምጠው ምድብ «ሐ» ውስጥ፣ ቁመታቸው ከ12 ሜትር በላይ ከሆነ ሕንፃዎች ጋር ነው። የአንድ ክፍል ጉዳይ ወደዚያ ምድብ ሲዛወር የሚጠየቀው ንድፍም ሆነ ቁጥጥር ሌላ ነው።

ደቻቱ_ማዶ

አቦ ሰው አታስጨንቁ። ሰው ሁሉ በሩን በብሎኬት ደፍኖ መስኮት ያወጣል፣ ማንም መጥቶ አይጠይቅም። ውስጥ የሚሠራውን ማን ያያል? ወለሉን 30 ሴ.ሜ. ገረጋንቲ ሙሉበት፣ ሊሾ አድርጉበት፣ ውሃውም አይገባም፣ ሥራውም ያልቃል።

ፕላንና_ካርታ

የሚጠይቀው ቤቱ ሲሸጥ፣ ብድር ሲጠየቅበት ወይም ጎረቤት አቤቱታ ሲያስገባ ነው። የባንክ ገማች ያለውን ከፕላኑ ጋር ያነጻጽራል፤ ያልተፈቀደውን ክፍል ከግምቱ ያወጣዋል ወይም ፋይሉን ይመልሰዋል። በመንገድ በኩል ያለ በር ተደፍኖ መስኮት ሲወጣ ደግሞ የውስጥ ሥራ አይባልም፤ የሕንፃው ፊት ነው የተለወጠው። ለምድብ «ሀ» የሚወጣው ወጪ ከጠቅላላ ሥራው አንጻር ትንሽ ስለሆነ ማንንም በዚህ መንገድ እንዲሄድ አልመክርም።

ፌሮና_ማልታ

30 ሴ.ሜ. የተባለውን እንዳታደርጊው። በግቢ በኩል ያለሽ ከፍታ 2.70 ነው፤ 30 ሞልተሽ ላዩ ላይ ሊሾና ሴራሚክ ካደረግሽ 2.35 አካባቢ ይቀርሻል። ኮርኒስ ሲገባ እጅ የሚነካው ክፍል ይሆናል፣ ድሬ ላይ ያ ምድጃ ነው። በዚህ ሥራ ሁሉን የሚወስነው የወለሉ ልክ ነው፤ ከፈቃዱ ንድፍ በፊት እሱን ቁረጪ። የበሩ ከፍታ፣ የመስኮቱ ቦታ፣ የፍሳሹ ቁልቁለት፣ ጣሪያው ይነሳ አይነሳ የሚለው ሁሉ ከዚያ ነው የሚመዘዘው።

የኋለኛውን ወለል ዜሮ እንበለው። በበሩ ሥር ያለው ከዜሮ በታች 8፣ ኮብልስቶኑ ከዜሮ በታች 2፣ ግቢው ከዜሮ በታች 4 ነው።

መኖሪያ ከሆነ የክፍሉን በር ወደ ግቢ አዙሪው። የዚያን ጊዜ የመንገዱ ውሃ የሚያገኘው በር ሳይሆን የተደፈነ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ወለሉ ከመንገዱ ብዙ መብለጥ አያስፈልገውም፤ የተጠናቀቀው ወለል ከዜሮ በላይ 9 ቢሆን ይበቃል። ከኮብልስቶኑ 11፣ ከግቢው 13 ሴ.ሜ. ከፍ ይላል፣ በግቢ በኩል 2.61 ከፍታ ይቀርሻል። ሱቅ ከሆነ ግን በሩ መንገድ ላይ ስለሚቀር ወለሉ ከመንገዱ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ. መብለጥ አለበት፤ ያ ማለት ከዜሮ በላይ 13 ነው። ከፍታው 2.57 ይሆናል፣ የበሩ ክፍተት ደግሞ ከ2.40 ወደ 2.19 ይወርዳል። ደረጃውም ከራስሽ መስመር ውስጥ መግባት አለበት፤ እግረኛ መንገድ ላይ ደረጃ ወይም ራምፕ ማውጣት አይፈቀድም።

የድሬን ጎርፍ አትናቁት። ሰማዩ እዚህ ጠራርቶ ሳለ ውሃው ከደጋው ይወርዳል፤ በሐምሌ 1998 ማለቂያ ደቻቱ ያደረገውን የማያውቅ የለም። ቤታችሁ ለደቻቱ፣ ለጎሮ ወይም ለቡቱጂ ወንዝ የቀረበ ከሆነ 9ኙን ሳይሆን የሱቁን 13 ውሰዱ፤ ሌላው መፍትሔ ጣሪያውን አንስቶ ከዚያም በላይ መሄድ ነው።

ወለሉን ለመኖሪያው ልክ እንዲህ ሥሩት። ዘይት የጠጣው ሊሾ ላይ ሴራሚክ አይያዝም፣ አዲስ ሲሚንቶም አይጣበቅም። ተፈልፍሎ ይጠረግና 0.2 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ይነጠፍበት፤ መጋጠሚያው 30 ሴ.ሜ. ይደራረብ፣ ጠርዙ ግድግዳው ላይ 15 ሴ.ሜ. ይውጣ። ጋራዥ ሲሠራ ከሥሩ ፕላስቲክ የሚያደርግ ስለሌለ እርጥበቱ ይመጣል፤ መኪና አይሰማውም፣ ፍራሽ ግን ይሻግታል። ከላዩ ከኋላ 7፣ ከፊት 15 ሴ.ሜ. ኮንክሪት ይፈስሳል፣ መሐሉ ላይ ባለ 6 ሚ.ሜ. ፌሮ በየ20 ሴ.ሜ. የታሰረ መረብ ይግባበት። ለሴራሚኩና ለማጣበቂያው 2 ሴ.ሜ. ይቀራል። አማካዩን 11 ሴ.ሜ. ብትይዢ 2.1 ሜትር ኩብ ነው። በ1፡2፡4 ቅይጥ (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) 14 ከረጢት ማለትም 7 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ወደ 1 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ ወደ 1.9 ሜትር ኩብ ጠጠር ይወስዳል።

አሸዋው ከወንዝ የሚመጣ ስለሆነ ሳትፈትሹ አትውሰዱ። በብርጭቆ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከላዩ ውሃ ጨምረሽ አናውጪውና አሳድሪው። ከላይ የተኛው ደለል ከአሸዋው ከፍታ ከ6 በመቶ ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ደለል የበዛበት ልስን ድሬ ላይ በሳምንቱ ይሰነጠቃል። ኮንክሪቱን ጎህ ሲቀድ አፍስሱት፤ እኩለ ቀን ላይ ከፈሰሰ ውሃው ሳይጠጣ ይተናል። ጆንያ አልብሳችሁ ቢያንስ 7 ቀን ጠዋትና ማታ አጠጡት። ግንበኛ «ሦስት ቀን ይበቃል» ካለ ለሌላ ከተማ ነው የሚያወራው።

አሁን ወደ በሩ ክፍተት። እዚያ የሚበላሸው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ከበሩ ሥር ግሬድ ቢም (ግድግዳውን ከሥር የሚሸከም የአርማታ ቢም) መኖሩን እርግጠኛ አትሁኑ፤ መኪና ስለሚያልፍ ብዙ ግንበኛ ቢሙን እዚያ ጋ ቆርጦ 10 ሴ.ሜ. ሊሾ ብቻ ይተዋል። ከበሩ ጠርዝ አጠገብ 50 ሴ.ሜ. ቆፍራችሁ እዩ። ከሌለ በሁለቱ ኮለኖች መካከል 20 በ30 ሴ.ሜ. ቢም በ4 ባለ 12 ፌሮ፣ ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ባለ 8 በየ20 ሴ.ሜ. ይግባ፤ ፌሮው ኮለኑ ውስጥ 15 ሴ.ሜ. ተበስቶ በኤፖክሲ ይታሰር። በሊሾ ላይ የተቀመጠ ብሎኬት ክረምት ሲመጣ ይሰምጥና ከኮለኑ ጋር በቁም ይላቀቃል።

ከቢሙ ላይ ብሎኬት አትጀምሩ። 20 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው የኮንክሪት ግንብ ከኮብልስቶኑ 30 ሴ.ሜ. ከፍ እስኪል ይውጣ፣ ውጭው በሬንጅ ይቀባ። ከመንገዱ የሚረጨውና የሚቋጥረው ውሃ የሚያገኘው እሱን ይሆናል፤ ባዶ ሆዱን ያለ ብሎኬት ውሃን ይዞ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ከዚያ ላይ ብሎኬቱ ይቀጥላል። ለ19 ካሬ ክፍል የወለሉ አንድ አሥረኛ ያህል መስኮት ያስፈልጋል፤ 1.60 በ1.20 መስኮት ልክ 1.92 ካሬ ስለሚሆን ይበቃል። የታችኛው ጠርዙ ከአዲሱ ወለል 1.00 ሜትር ላይ ቢያርፍ የላይኛው 2.20 ላይ ይወድቃል፤ ነባሩ ቢም 2.23 ላይ ስለሆነ አዲስ ሊንተል (ከክፍተት በላይ ግድግዳውን የሚሸከም ቢም) አያስፈልግም። የሚቀረው ግንብ 3.8 ካሬ አካባቢ ነው፤ በካሬ 12.5 ብሎኬት ስለሚገባ 50 ግዙ። በየሦስት ረድፉ ባለ 8 ፌሮ ኮለኑ ውስጥ 10 ሴ.ሜ. ተበስቶ 50 ሴ.ሜ. ብሎኬቱ ላይ ይተኛ። ስምጥ ሸለቆ አጠገብ ነው ያለነው፤ ከኮለን ጋር ያልታሰረ ግድግዳ በመሬት ንቅናቄ መጀመሪያ የሚወድቀው ነው።

ለአዲሱ የግቢ በር ግድግዳ ሲከፈት ደግሞ ከኮለን ጠርዝ ቢያንስ 40 ሴ.ሜ. ራቁ። የ90 ሴ.ሜ. በር ሊንተሉ በየጎኑ 20 ሴ.ሜ. ይረፍ፣ 4 ባለ 10 ፌሮ ይብቃው። ኮለን መንካት፣ ቢም መቅጠን፣ «ትንሽ እንሰርስረው» የሚባል ነገር የለም።

ሳቢያን_ሰፈር

በጣም ነው የማመሰግናችሁ። ፕላኑን አየሁት፣ ጋራዡ አለበት። ወንዝም አይጠጋንም። ቤተሰቡ መኖሪያ እንዲሆን ተስማምቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ፤ ጣሪያው ይነሳ ወይስ እንዳለ ይቆይ? ሽንት ቤቱስ ከፊት ወይስ ከኋላ ይሁን? ሴፕቲክ ታንኩ ከጋራዡ የኋላ ጥግ 9 ሜትር ይርቃል። ተከራይ ምጣድ ሊጠቀም ይችላል፣ ኤሲም እንዲገባ እንፈልጋለን።

ፌሮና_ማልታ

ጣሪያውን ለመኖሪያው ልክ ማንሳት ግዴታ አይደለም፤ አየሩን ማንቀሳቀስ ግን ግዴታ ነው። ኮርኒሱን 2.55 ላይ ጠፍጣፋ አድርጉት። በግቢ በኩል ከቆርቆሮው ጋር ያለው ክፍተት ጠባብ ቢሆንም በጎረቤት በኩል ወደ ግማሽ ሜትር ይደርሳል። ይህ ቦታ ተዘግቶ ከቀረ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ክፍሉ ይተፋዋል። ስለዚህ በመንገዱ በኩልና በኋላ በኩል፣ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከፍ ወዳለው ጎን ተጠግቶ 40 በ20 ሴ.ሜ. መተንፈሻ ይከፈት፤ የአይጥና የወፍ መከላከያ ወንፊት ይደረግበት። በግቢ በኩል ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ያለው የሞገዱ ክፍተት በማልታ አይደፈን፤ ቀዝቃዛው አየር ከዚያ ገብቶ የሞቀው በላይኛው ይወጣል። ቆርቆሮውን ከውጭ ነጭ ቀቡት። በየዓመቱ ሁለት ዓመቱ አቧራው ስለሚያጠቁረው መታጠብና መቀባት አለበት። ኮርኒሱ ላይ ፋይበር ወይም ፎም ከተነጠፈ ልዩነቱ ከሰዓት በኋላ ይታያል። ችፑድ ከሆነ ምስጥ ይጠንቀቁበት፤ ጂፕሰም የተሻለ ነው።

ጣሪያውን የግድ የሚያነሳ ሰው ቢኖር፣ ሁለት ረድፍ ብሎኬት ነባሩ ቢም ላይ ደርድሮ ቆርቆሮ መመለስ አይሆንም። በየ80 ሴ.ሜ. ባለ 10 ፌሮ ቢሙ ውስጥ ይተከል፣ አንድ ረድፍ ብሎኬት ቀዳዳው በኮንክሪት ተሞልቶ ይገባል፣ ከላዩ 20 ሴ.ሜ. የአርማታ ማሰሪያ ይዞራል። የከፍታው ለውጥ በፈቃዱ ንድፍ ላይ መኖር አለበት። የድሮውን ቆርቆሮ መልሶ መምታት የድሮውን የሚስማር ቀዳዳ መልሶ መጥራት ስለሆነ አዲስ ግዙ። ጎረንዳዮውም (የጣሪያው ውሃ መውረጃ) ወደ ራስ ግቢ እንጂ ወደ ጎረቤት አይፍሰስ።

መብራት_ቤት

የምጣድና የኤሲ ነገር ከተነሳ ሽቦውን በጋራዡ መብራት መስመር ላይ አትቀጥሉ። ጋራዥ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 1.5 ካሬ ሚ.ሜ. ሽቦ ነው፤ ያ ለአምፖል ነው። ከቤቱ ዋና ሳጥን የራሱ መስመር ይምጣ፤ እስከ 15 ሜትር ድረስ ባለ 6 ካሬ ሚ.ሜ. ከነመሬቱ ሽቦ፣ በ32 አምፔር ብሬከር። ክፍሉ ውስጥ የራሱ ትንሽ ሳጥን ይኑረው። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ስለሚጠጋ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ባለ 4 ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ለብቻው ይሰጠው። ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ባለ 2.5 ሽቦና 16 አምፔር ይበቃዋል፣ እሱም ለብቻው ነው። ሶኬት ባለ 2.5 በ16፣ መብራት ባለ 1.5 በ10 አምፔር።

ሻወር ላለው ክፍል ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ብሬከር ግዴታ አድርጉት። እሱ ያለ ኧርዝም ይሠራል፤ ኧርዝ ሲኖር ግን ሰው ሳይነካው በፊት ይቆርጣል። የመዳብ ዘንጉ 1.5 ሜትር ይግባ፤ የድሬ አሸዋማ መሬት ስለሚደርቅ የኤሲው ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ ቢተከል አፈሩ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። የቤቱ ምጣድና የክፍሉ ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲበሩ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ላይ ወደ 32 አምፔር ይሆናል፤ ሌላ ዕቃ ሲጨመርበት ዋናው ይወድቃል። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ለክፍሉ የተለየ ቆጣሪ ጠይቁ፤ ለዚያም የጸደቀው ፕላን ይጠቅማችኋል። ከዋናው ቆጣሪ ሥር ንዑስ ቆጣሪ ብቻ ካስገባችሁ የሚከፋፈለው ሂሳቡ እንጂ ጭነቱ አይደለም። የኤሲውን የውጭ ክፍል በግቢ በኩል ስቀሉት፣ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው የመንገድ ግድግዳ ላይ አይደለም።

ጀጎል_ጎን

ይህን የሚያነብ የሐረር ሰው ካለ አንድ ነገር ልጨምር። ከጀጎል ውጭ ያለ ቤት ከላይ በተባለው መንገድ ይሄዳል፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ሙቀቱ ችግር አይሆንም፣ እርጥበቱ ግን ይሆናል። ግንቡ ውስጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ የቅርስ አዋጅ 209/1992ም አለ። በር ማስፋት፣ መስኮት ማውጣት፣ ድንጋዩን በብሎኬት መተካት ከማዘጋጃ ቤቱ በፊት የቅርሱን ባለሥልጣን ይመለከታል። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የሐረሪ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን አትምቱ። ግድግዳው የሚጠጣውን እርጥበት መልሶ እንዳይተነፍስ ይዘጋዋል፣ ጭቃው ከውስጥ ይላላል። ኖራ ነው የሚስማማው።

ፕላንና_ካርታ

ስለ ኪራዩ አንድ መስመር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (1320/2016) ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዋጋ አስባችሁ ቁረጡ፤ በየወሩ የሚጨመር ነገር የለም። ሥራ ስትጀምሩ ደግሞ ለሕንፃ ሹሙ በጽሑፍ አሳውቁ፣ የፈቃዱና የንድፉ ቅጂ ሥራው ቦታ ላይ ይኑር። ወለሉ ከመፍሰሱ በፊት የፍሳሹን ቱቦ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ፌሮና_ማልታ

ሽንት ቤቱ ከኋላ ይሁን። ምክንያቱ ቁልቁለት ነው። ባለ 110 ሚ.ሜ. ቱቦ በ2 በመቶ ነው የሚወርደው፤ 9 ሜትር 18 ሴ.ሜ. ይፈልጋል። ቱቦው ከጋራዡ ሲወጣ ታችኛው ጎኑ ከዜሮ በታች 25 ላይ ቢሆን ታንኩ ጋ ሲደርስ ከዜሮ በታች 43 ይሆናል፤ ከግቢው ንጣፍ 39 ሴ.ሜ. ጥልቀት ማለት ነው። ዛሬ የታንኩን ክዳን ክፈቺና መግቢያው ቱቦ ከንጣፉ ስንት እንደሚርቅ ለኪ። 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይሄዳል። 30 ከሆነ የሽንት ቤቱን ወለል ብቻ 10 ሴ.ሜ. በደረጃ ከፍ ማድረግ ነው፣ ክፍሉን በሙሉ አይደለም። ሽንት ቤቱን ከፊት ብታደርጊው 6 ሜትር ተጨምሮ ሌላ 12 ሴ.ሜ. ስለሚጠይቅ ታንኩ ላይሸከመው ይችላል።

የሽንት ቤቱ ክፍል 1.20 በ2.00 ይበቃል፤ በ10 ሴ.ሜ. ብሎኬት ይከለል፣ በግቢ በኩል ከላይ 50 በ50 መተንፈሻ መስኮት ይውጣለት። የሻወሩ ወለል ከክፍሉ 3 ሴ.ሜ. ይውረድ። ቱቦው ግቢ ሲደርስ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ከላዩ 10 ሴ.ሜ. ኮንክሪት ይልበስ፣ መታጠፊያው ላይ ፖዜቶ (ክዳን ያለው መፈተሻ ጉድጓድ) ይሠራ፤ ያለ ፖዜቶ የተዘጋ ቱቦ የሚከፈተው ሴራሚክ በመስበር ነው። የወለሉ ፍሳሽ ሳይፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግድ መታጠፊያ) ያለው ይሁን፣ ውሃው የሚቆምበት ጥልቀትም ከ5 ሴ.ሜ. አይነስ። ድሬ ላይ ጥልቀት የሌለው ሳይፎን ተከራይ አንድ ሳምንት ከሄደ ይደርቅና ሽታውም በረሮውም በዚያ ይገባል፤ ቤቱ ባዶ ሲሆን በሳምንት አንድ ጆግ ውሃ ይፍሰስበት።